ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራችሁን ጠይቁ

ይህ ጽሑፍ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። አብዛኞቹ አድማጮች ሠርግና ክርስትና የሚቀርፁ ወጣቶች ነበሩ። ዩቲዩብ ላይ የሚሠሩም ነበሩ። ከኋላ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚቀርፁ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። የተናገርኩትን ብዙም አልነካካሁትም። "እእ" ያልኩበትንና ውሃ የጠጣሁበትን ብቻ አውጥቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ መስኮቱ ጠጋ በሉ፤ ሙቀቱም ይቀላችኋል።

ስልኬ ላይ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። "ጋሼ፣ ለኤዲቲንግ ምን ኮምፒውተር ልግዛ?" ይላል። አንዳንዱ ሰላምታም አያስቀድምም። እኔም መልሼ "በምን ቀረፅክ?" እለዋለሁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይበሳጫሉ። ስለ ኮምፒውተር ብጠይቀው ስለ ካሜራ ያወራኛል፣ አረጀ መሰለኝ ይላሉ። ማርጀቱስ እውነት ነው። እኔ ኤዲቲንግ የጀመርኩት ፒያሳ ውስጥ፣ በሁለት የቪኤችኤስ ማጫወቻ ነው። አንዱ ያጫውታል፣ አንዱ ይቀዳል። ስትሳሳት ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ግን "በምን ቀረፅክ?" የምለው ከእርጅና አይደለም። ገንዘቤን ከፍዬ የተማርኩት ነገር ስለሆነ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኮምፒውተር ገዛሁ። ጎኑ መስታወት ነው። ውስጡ ቀይና ሰማያዊ ይበራል። ለጌም የተሠራ ነው። ሻጩ ስለ ግራፊክስ ካርዱ፣ ምስሉን ስለሚሠራው ክፍል፣ ሲያወራ የገዛ ልጁን የሚያሞግስ ይመስል ነበር። ቁጠባዬን አሟጥጬ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ የአክስቴን ልጅ ሠርግ ከፈትኩ። ቪዲዮው ሦስት ሰከንድ ሄዶ ቀጥ አለ። ሙሽራዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ደርቋል። እስክስታው ተራ በተራ እንደሚታይ ፎቶ ሆነ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ቀጭን ላፕቶፕ ይዞ ቤቴ መጣ። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ዋጋው የኔን ግማሽ አይሞላም። ያንኑ ፋይል ከፈተው። እንደ ውሃ ፈሰሰለት። ወደፊት ሲጎትተው ይሄዳል፣ ወደኋላ ሲጎትተው ይመጣል። ቡና ላፈላለት ተነስቼ ነበር፤ ደግሜ ቁጭ አልኩ።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ይሄን ላብራራ፤ የዛሬው ቀን ዋናው ነገር ይሄ ነው።

የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ታውቃላችሁ። የወሩ መጀመሪያ ላይ ያለባችሁን ዕዳ በሙሉ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚጽፈው የጨመራችሁትን ብቻ ነው። "ዘይት"፣ "ሳሙና"፣ "ሁለት ዳቦ"። ደብተሩ ቦታ አይፈጅም። ግን በ17ኛው ቀን ስንት ነበረብኝ ብላችሁ ብትጠይቁት ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እየደመረ መምጣት አለበት። ካሜራችሁም ልክ እንደዚህ ነው የሚጽፈው። አንድ ሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው ከተሠራባቸው ፎቶዎች አንዱን፣ ይጽፋል። ከዚያ የሚቀጥሉትን ብዙ ፍሬሞች "ከቀድሞው የተለወጠው ይሄ ነው" እያለ ያሳጥራቸዋል። ኤች 264 የሚባለው የአጻጻፍ ስልት እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። ኤች 265 በ2013 ተከተለ። ሁለተኛው ያንኑ ጥራት በጣም ባነሰ ቦታ ያስቀምጣል። ሒሳቡ ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ፊልም ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ችግር የለም። ደብተሩን ከላይ ወደታች ያነበዋል። ኤዲተር ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህ ቆርጦ እዚያ ይዘላል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ሦስት ካሜራ አንድ ላይ ይከፍታል። በእያንዳንዱ ዝላይ ኮምፒውተሩ ደብተሩን እንደገና መደመር አለበት።

ለዚህ ሥራ ቺፑ ውስጥ ለብቻው የተመደበ ክፍል አለ። እኔ "ደብተር አንባቢው" እለዋለሁ። ዋናው ፕሮሰሰር በላብ የሚሠራውን እሱ ሳይሞቀው ይጨርሰዋል። ነገር ግን የሚያነበው የተማረውን የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። የማያውቀው ዓይነት ሲመጣ ዞር ይልና ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ይተወዋል።

የኔ ካሜራ 10 ቢት፣ 4:2:2፣ ኤች 265 ነበር የሚጽፈው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀለሙ በምን ያህል ዝርዝር እንደሚጻፍ ይናገራሉ። ካሜራውን ስገዛ በዚህ ኮርቼ ነበር። ቀለሙ ሀብታም ነው፣ ስታስተካክሉት አይቀደድም። ያን ጊዜ የነበሩት የጌም ግራፊክስ ካርዶች ግን 4:2:2 የሚባለውን የእጅ ጽሑፍ አያነቡም። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ አብሮ የሚመጣው ትንሹ ግራፊክስ ደግሞ ከ11ኛው ጄኔሬሽን (ትውልድ) ጀምሮ ያነበዋል። የጓደኛዬ ላፕቶፕ 11ኛ ነበር። የኔም 11ኛ ነበር። ግን ስሙ መጨረሻ ላይ "ኤፍ" የምትል ፊደል ነበረችው። ኤፍ ማለት "አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ የለውም" ማለት ነው። በአንዲት ፊደል ተሸወድኩ። ሻጩ ዋሽቶኛል ማለቴ አይደለም። እኔም አልጠየቅኩትም፣ እሱም አያውቀውም።

አንድ ልጅ ከመሃል እጁን አወጣ፦ "ጋሼ፣ እኔ በአይፎን ነው የምቀርፀው፣ ይሄ ሁሉ ይመለከተኛል?"

በከፊል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚጽፈው በኤች 265 ነው። ኮምፒውተርህ አሮጌ ከሆነ ሳንቲም ሳታወጣ መፍትሔ አለህ። ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማት ትገባለህ። "ሞስት ኮምፓቲብል" የሚለውን ስትመርጥ በኤች 264 ይጽፍልሃል። ፋይሉ ይወፍራል፣ ኮምፒውተርህ ግን ያመሰግንሃል። ሌላው የስልክ ጣጣ ፍሬሙ ወጥ አለመሆኑ ነው። ስልክ እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ፍሬሙን ያፈጥናል፣ ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ ረጅም ቃለ ምልልስ ስትሠሩ ድምፁ ከከንፈሩ እየራቀ ይሄዳል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወጥ ፍሬም አድርጋችሁ ቀይሩትና ከዚያ ጀምሩ። ካሜራችሁ ምን እንደሚጽፍ የማታውቁ ደግሞ ሚዲያ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ስትጥሉበት ኮዴኩን (የአጻጻፍ ስልቱን)፣ ቢቱን፣ ፍሬሙን ሁሉ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ገበያ እንውጣ። መገናኛም ሂዱ፣ መርካቶም ሂዱ፣ ቦሌም ሂዱ፣ የምትሰሙት አንድ ዓይነት ነገር ነው። "ኮር አይ 7 ነው!" በቃ። አይ 7 ማለት እኮ "ፎቅ ቤት ነው" እንደማለት ነው። ስንት ፎቅ? መቼ የተሠራ? ዝም።

ከአይ 7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 7500 ዩ ከሆነ 7ኛ ጄኔሬሽን ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው "ዩ" ኃይል ቆጣቢ ነው ትላለች። ይህ አይ 7 ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ በሉት። ሁለት! አይ 5 8400 የሚባለው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ግን ስድስት ኮር አለው። ስሙ ያንሳል፣ ሥራው ይበልጣል። ላፕቶፕ ላይ "ኤች" የምትል ፊደል ካያችሁ ጉልበት ያለው ነው። ባትሪ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ግን ይሠራል።

ያገለገለ የምትገዙ፣ ሁለት ድንበር ልንገራችሁ። አንደኛው 7ኛ ጄኔሬሽን ነው። ከሱ በታች ያለው ኢንቴል 10 ቢት ኤች 265ን በደብተር አንባቢው በኩል አያነብም። ሁለተኛው 8ኛ ጄኔሬሽን ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ 6ኛ ጄኔሬሽን አይ 7 በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ። ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

ማክ የምትሉም አላችሁ። አያችኋለሁ፣ ፈገግ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው፣ የአፕል ኤም 1 ቺፕ ያለው ማክቡክ ኤር ማራገቢያ እንኳ የለውም። ግን ያ ያስጨነቀኝን ፋይል ሳያንገራግር ያጫውታል። ያገለገለ ኤም 1 ዛሬም ለቤት ኤዲቲንግ ጥሩ ግዢ ነው እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ራሙም (ሥራ ላይ ያለውን የሚይዘው ሚሞሪ) ማከማቻውም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ነገ ልጨምር ማለት የለም። 8 ጊጋ ገዝታችሁ ከሆነ እስከ መጨረሻው 8 ጊጋ ነው።

ዋጋ አልናገርም። ዛሬ የነገርኳችሁ ሰኞ ይለወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ያመጣውን ታውቁታላችሁ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ ዋጋ ሳይሆን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ብራችሁ መጀመሪያ ወዴት ይሂድ፣ በኋላስ ወዴት?

ራም ላይ ብዙ አልቆይም። 8 ጊጋ አይበቃም። 16 ያሠራል። 32 ያዝናናል። ዴስክቶፕ ከሆነ አንድ ትልቅ ከምትሰኩ ሁለት እኩል ስኩ፤ ይፈጥናል። አለቀ።

ግራፊክስ ካርድስ? እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር እንጣላለን። ሥራችሁ መቁረጥ፣ መቀጠል፣ ሙዚቃ ማስገባት፣ ስም መጻፍ ከሆነ ትልቅ ካርድ አያስፈልጋችሁም። ካርዱ የሚለፋው ቀለም ስታበዙ፣ ኢፌክት ስትደራርቡ፣ በጨለማ የተቀረፀውን ስታፀዱ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የኤዲቲንግ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ግን ለካርዱ ቦታ ስጡ፤ ሪዞልቭ ሥራውን በብዛት የሚጭነው ካርዱ ላይ ነው። 4ኬ በሪዞልቭ ለሚሠራ 8 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ካርድ ይመከራል። ሌሎቻችሁ ያን ብር ወደ ዲስክ አዙሩት።

ዲስክ። እዚህ ቁጭ ብለን ሒሳብ እንሥራ። ካሜራችሁ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይጽፋል እንበል። ቢት ነው እንጂ ባይት አይደለም። ለ8 ስናካፍለው በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ይመጣል። በሰዓት 45 ጊጋ። ሠርግ ላይ ሁለት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ቢቀርፅ 450 ጊጋ ነው። አንድ ሠርግ! መልሱን ሳንጨምር። ሁለት ቅጂ ስታስቀምጡ 900 ጊጋ ሆነ። ላፕቶፓችሁ 256 ጊጋ ከሆነ ሠርጉ ገና ምሳ ሳይበላ ይሞላል።

አሁን ደግሞ ፍጥነቱን እዩ። 12.5 ሜጋባይት ትንሽ ቁጥር ነው። አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንኳ በሰከንድ ከ100 በላይ ያነባል። ታዲያ ለምን ያንቀራፍፋል? መርፌው አንድ ስለሆነ ነው። ሦስት ካሜራ አንድ ላይ ስትከፍቱ መርፌው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ ይውላል። ኤስኤስዲ መርፌ የለውም። ተራው ኤስኤስዲ 500 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል፣ ለኛ ከበቂ በላይ ነው። ሻጩ 7,000 የሚሄድ አለኝ ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። በልዩነቱ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ግዙና የጨረሳችሁትን ሥራ አስቀምጡበት። የምትሠሩት ኤስኤስዲ ላይ፣ ያለቀው ሃርድ ዲስክ ላይ።

ስትሰኩም ተጠንቀቁ። የአሮጌው ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በተግባር ከ40 ሜጋባይት አያልፍም። 450 ጊጋ በሱ ስትገለብጡ ከሦስት ሰዓት በላይ ትቀመጣላችሁ። ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። በጣም በርካሽ "2 ቴራ ፍላሽ" የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ደግሞ እስኪሞላ ገልብጡበትና መልሳችሁ ክፈቱት። ላዩ ላይ 2 ቴራ ይላል፣ ውስጡ 32 ጊጋ ሆኖ ይገኛል። የሚሞላ መስሎ አሮጌውን ይበላዋል። ይሄ የሚታወቀው ሙሽሮቹ ቪዲዮአቸውን ሲጠይቁ ነው።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። አንዱ የምትሠሩበት ላይ፣ አንዱ ሌላ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ። ኢንተርኔት ላይ 450 ጊጋ መጫን ለብዙዎቻችን አይሆንም። እኔ ሦስተኛውን እህቴ ቤት ነው የማስቀምጠው። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጥሎሽ ዕቃዋ ጋር።

"ይሄ ሁሉ ወጪ ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ያለን ምን እንሁን?" አለች አንዲት ልጅ።

ጥሩ ጠየቅሽ። ለእናንተ ነው ፕሮክሲ የተሠራው። ፕሮክሲ ማለት ለከባዱ ፋይል ቀለል ያለ ተወካይ መሥራት ነው። 4ኬውን ትተሽ በትንሹ ቅጂ ትቆርጫለሽ፣ ስትጨርሺ ፕሮግራሙ ራሱ ዋናውን ይመልሰዋል። በጥራቱ ላይ ምንም አይጎድልም። ዋናው ነገር ግን ትንሽ መሆኑ ብቻ አይደለም። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በሚባለው ስልት ስትሠሪው እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን ችሎ ይጻፋል። የዱቤ ደብተር ቀረ ማለት ነው፤ በየቀኑ ሙሉ ሒሳቡ ተጽፏል። ስለዚህ አሮጌው ፕሮሰሰር መደመር የለበትም። 1080 በ25 ፍሬም ከሆነ በሰዓት ወደ 17 ጊጋ ይወስዳል። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ኮምፒውተሩን ፕሮክሲ ሥራ ብለሽ ታዢዋለሽ፤ ጠዋት አልቆ ይጠብቅሻል። መብራት ካለ።

(ሳቅ።)

ሳቃችሁ። ይሄንንም ላውራ። ኮምፒውተር ስንመርጥ መብራታችንንም እየመረጥን ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። ቤታችሁ ውስጥ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችሁ ከሆነ ኮምፒውተራችሁም ያን ይቀምሳል። በአንድ መስመር፣ ይባስ ብሎ በአንድ ዲቫይደር፣ ምጣድና ኮምፒውተር አትሰኩ። እኔ ቤት ሕግ አለ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሬንደር፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ አንድ ፋይል አድርጎ ማውጣት፣ የለም። ባለቤቴ ያወጣችው ሕግ ነው፣ ይግባኝ የለውም።

ዩፒኤስ ግዙ፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ሳጥን ነው። ግን ምን እንደሚሠራላችሁ ዕወቁ። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ 230 ዋት ቢወስዱ በወረቀት 20 ደቂቃ ይመስላል። እንዲህ ዓይነት ባትሪ በፍጥነት ሲመጠጥ ግን ግማሹን ነው የሚሰጠው። 10 ደቂቃ ካገኛችሁ እድለኛ ናችሁ። ለሬንደር አይበቃም። ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ግን ይበቃል፤ የሱ ሥራ ያ ነው። ስኩት፣ መብራት ሲሄድ ሴቭ፣ መዝጋት። ሠርግ ሬንደር አድርጌ ልጨርስ ብላችሁ አትቁማሩ። እኔ ቆምሬያለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 94 በመቶ ደርሶ ነበር።

ላፕቶፕ እዚህ ላይ ይበልጣል። ዩፒኤሱ ሆዱ ውስጥ ነው። በአንድ ዓይነት ብር ዴስክቶፑ የበለጠ ጉልበት ይሰጣችኋል፣ ሲበላሽም ይጠገናል። ሰፈራችሁ መብራት አዘውትሮ የሚሄድ ከሆነ ግን እኔ ላፕቶፕ ግዙ እላለሁ። ሌሎች ባለሙያዎች አይስማሙም። እነሱ ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ ላይ ነው የሚሠሩት።

ስለ መብራት ካነሳን፣ ከኮምፒውተር ትንሽ ልውጣ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ካሜራችሁን በ30 ፍሬም፣ በ60ኛ ሰከንድ ሸተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ብታደርጉት አዳራሹ ውስጥ ያለው ብርሃን ምስላችሁ ላይ እንደ ማዕበል ይሄዳል። በ25 ፍሬም፣ በ50ኛ ወይም በ100ኛ ሰከንድ ቅረፁ። ይሄን በኤዲቲንግ ማስተካከል የሚቻለው በብዙ መከራ ነው። የምትለፉት ኮምፒውተሩ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ሸተሩ ተሳስቶ ነው።

ሌላም የኛ ከተማ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ማራገቢያ የሚገፋው ይሄንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ከወረቀቱ ያነሰ ያቀዘቅዛል። ደግነቱ ከተማችን ራሷ ቀዝቃዛ ናት፣ አንዱ አንዱን ያካክሳል። አቧራው ግን ምንም አያካክሰውም። ግንባታ ባለበት ሰፈር ያላችሁ በየሦስት ወሩ ክፈቱና አፅዱት። ብዙ ሃርድ ዲስኮች ደግሞ እስከ 3,048 ሜትር ነው የተፈቀደላቸው። ስለዚህ እንጦጦ አናት ላይ ቁጭ ብላችሁ ኤዲት አታድርጉ። ለናንተ ነው እንጂ ለኔ እዚያ ድረስ የሚወጣ ጉልበቱም የለኝ።

ስክሪን በአጭሩ። አይፒኤስ የሚል ፈልጉ፤ አንገታችሁን ስታዞሩ ቀለሙ አይለወጥም። የርካሽ ላፕቶፕ ስክሪን ብዙ ጊዜ ቀለም አይሞላም። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት እሱ ላይ ደብዝዞ ታዩትና ቀለም ትጨምራላችሁ። ሙሽራዋ በስልኳ ስታየው ጥለቱ ይጮኻል። ጥሩ ስክሪን መግዛት ካልቻላችሁ ቢያንስ ከማስረከባችሁ በፊት በሁለት የተለያዩ ስልኮች እዩት። ደንበኛው የሚያየው እዚያ ላይ ነው።

ፕሮግራም ላይ ጠብ አልፈልግም። ፕሪሚየር በየወሩ ይከፈልበታል፣ ለዚያውም በውጭ ካርድ። ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ አለው፤ እስከ 4ኬ፣ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል። ለቤት ኤዲቲንግ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ኬደንላይቭ የሚባል ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ አለ። ክራክ፣ ማለትም ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ፕሮግራም፣ የምትጭኑ፣ አውቃችኋለሁ፣ እኔም ጭኛለሁ። ቫይረሱ የደንበኛ ፋይል ያለበትን ዲስክ ሲቆልፍ "ነፃ" የሚለው ቃል ትርጉሙ ይለወጣል።

አማርኛ ስትጽፉ ሳጥን ሳጥን የሚወጣባችሁ፣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የመረጣችሁት ፎንት ፊደላችንን አያውቅም። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ምረጡ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም በነፃ ይገኛል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ስትለጥፉ ግን የፈረንጅ ፊደል ተበታትኖ ይወጣል። ያን እንደገና መጻፍ ነው፣ ወይም በመቀየሪያ ማሳለፍ።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። አባቶቻችን በሬ ሲገዙ ጥርሱን ያያሉ፣ ያስኬዱታል። እናንተም ሻጩ ባዘጋጀው ቪዲዮ አትገምግሙ። የሱ ቪዲዮ ሁልጊዜ ያምራል። ከራሳችሁ ካሜራ የወጣ፣ ያስቸገራችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የምትሠሩበትን ፕሮግራም ጫኑበት፣ እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ፋይሉን ጎትቱት፣ ወደፊት፣ ወደኋላ። የዊንዶውሱን ታስክ ማኔጀር ክፈቱና ጂፒዩ (ግራፊክሱ) የሚለውን ንኩ። "ቪዲዮ ዲኮድ" የምትለው መስመር ከተነሳች ደብተር አንባቢው እየሠራ ነው። እሷ መሬት ላይ ተኝታ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 100 ከሆነ፣ ያ ኮምፒውተር በዚያ ፕሮግራም ለእናንተ ፋይል አልተፈጠረም። ቢያንስ 15 ደቂቃ አቆዩት። ሲሞቅ ፍጥነቱን የሚቀንስ ላፕቶፕ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃ ሁልጊዜ ጀግና ነው። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩ።

ሻጩ ቢቆጣ አትደንግጡ። እኔ አሁን ስገባ "ጋሽዬ ደግሞ ፍላሻቸውን ይዘው መጡ" ይላሉ። ወንበር ግን ይሰጡኛል።

ጊዜያችን አልቋል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ከኋላ፣ ከመዝሙር ልጆቹ መሃል፣ አንዲት ልጅ ተነሳች።

"ጋሼ፣ እኔ ኮምፒውተር የለኝም። በስልኬ ነው የምቀርፀው፣ በስልኬ ነው ኤዲት የማደርገው። ስልኬ ሲሞላ የድሮውን እየሰረዝኩ ነው የምቀጥለው። መጀመሪያ ምን ልግዛ?"

ዲስክ ግዢ። ኮምፒውተር አይደለም። ስልክሽ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ትንሽ ኤስኤስዲ አለ። ኤዲቱን እዚያው ስልክሽ ላይ ቀጥዪ፣ እየሠራሽ እኮ ነው። እስካሁን ምን ሰርዘሻል?

"የአምናውን የጥምቀት ቀረፃ። ዛሬ ማታ ደግሞ የፋሲካውን ልሰርዝ ነበር፤ ነገ ቀረፃ አለብኝ።"

የፋሲካውን አትሰርዢ። ላፕቶፔ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ገመድ ይዘሻል? ነይ፣ አሁኑኑ እንገልብጠው።